ልጅ ሲመጣ ሞተር ሳይክል ወይስ እየሠሩ የሚነዱት አሮጌ መኪና? ለጎጃም አዲስ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሁለት ነገር ደጋግሞ ስለሚታይ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ልጅ ሊወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቆሞ የከረመ ዲኤክስ ወይም ቮልስ በርካሽ ይገዛል። «ቀስ እያልኩ እሠራዋለሁ» ይባላል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ወንበሩ ይነቀላል። ከዚያ ብሩ ለአራስ ቤት ይውላል። መካኒኩ ሌላ ሥራ ይይዛል። መኪናው ክረምቱን ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ያሳልፋል።

ሁለተኛው ደግሞ «ልጁን በፍጹም አልጭንበትም» ተብሎ የሚገዛው ሞተር ነው። የክትባት ቀን ይደርሳል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ባጃጅ ይጠፋል። አባት ከፊት፣ እናት ከኋላ፣ ሕፃኑ በመሃል በጋቢ ተጠቅልሎ ይኬዳል።

በሁለቱም ላይ የጎደለው አንድ ነው። ከግዢው በፊት የልጁ ጉዞ አልተቆጠረም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምራለን።

ከሁሉ በፊት፦ የማይደራደሩባቸው ሁለት ነገሮች

ሕፃን ሞተር ላይ አይጫንም። በአንቀልባም፣ በእቅፍም፣ «እዚህ ቅርብ ነው» ተብሎም አይጫንም። የሕፃን አንገት ጭንቅላቱን ገና በደንብ አይሸከምም። ለሕፃን ጭንቅላት የሚሆን ሄልሜት የለም፤ ቢገኝም ክብደቱ ራሱ አንገቱን ይጎዳል። በሁለት አዋቂ መሃል ያለ ልጅ ደግሞ ሞተሩ ሲወድቅ የሁለቱም ክብደት ያርፍበታል።

ሁለተኛው፣ የማይንቀሳቀስ መኪና በልጁ የመጀመሪያ ዓመት አይገዛም። የሚሄድ፣ የሚቆም፣ ግን ሥራ የሚፈልግ መኪና ሌላ ነገር ነው። ቆሞ የቀረውን ግን ተዉት፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት።

ዝግጅት

አንድ ደብተር ያዙ። የልጁን የክትባት ካርድ፣ ካልተወለደ የእናቲቱን የክትትል ካርድ አምጡ። የወር ገቢና ወጪያችሁን ጻፉ። ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ እሳቸውም ይኑሩ፤ ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸውና።

ይህን በምትጽፉበት ሳምንት ሻጭ ጋ አትደውሉ። መኪናውን ወይም ሞተሩን አንዴ ካያችሁት ስሌቱ ይጣመማል።

ደረጃ 1፦ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ጉዞ ጻፉ

1. የክትባት ቀኖቹን አስቀምጡ። በአገራችን መርሐ ግብር ሕፃኑ ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር እና በ15 ወር ይከተባል። ከእነዚህ ጎን የአራሷን የክትትል ቀጠሮዎች ጻፉ።

2. የክርስትናውን ቀን ጨምሩ። ወንድ ከሆነ 40ኛው ቀን፣ ሴት ከሆነች 80ኛው ቀን ነው። የወንድ ልጅ ክርስትናና የ6 ሳምንቱ ክትባት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይውላሉ። ብዙ ቤት ትራንስፖርት የሚጨንቀው በዚያ ሳምንት ነው፤ ድግሱም ወጪውም ጉዞውም አብረው ይመጣሉ።

3. እያንዳንዱ ቀን በየትኛው ወር እንደሚውል እዩ። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚውለውን በቀይ አክብቡ። ልጁ በግንቦት መጨረሻ ከተወለደ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች በሙሉ ክረምት ላይ ይወድቃሉ።

4. የሪፈር መንገዱን ጻፉ። ልጁ ጡት እምቢ ቢል ወይም ቢያተኩስ በመጀመሪያ የት ትሄዳላችሁ? ከዚያስ ወደ የት ትላካላችሁ? ፍኖተ ሰላም? ደብረ ማርቆስ? ባሕር ዳር? መነሻችሁ ሞጣ ወይም ቢቸና ከሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሞተር ለዚያ መልስ አይሆንም።

5. በመጨረሻ የወላጁን የሥራ ጉዞ ጻፉ። ስንት ቀን፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት ነው ወይስ ጭቃ?

አሁን ሁለት ዓምድ አላችሁ፤ የልጁ ጉዞና የወላጁ ጉዞ። ሞተር የሚያገለግለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። መኪና ሁለቱንም ሊያገለግል ይችላል፤ የሚሄድ ከሆነ።

ቢሳሳት፦ የልጁ ጉዞ በጣም ጥቂት ሆኖ ከወጣ አትደንግጡ። የከተማ ቤተሰብ ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ከሆነ እውነትም ጥቂት ነው። ያ ማለት ለልጁ ስትሉ መኪና መግዛት አያስፈልጋችሁም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ክፈሉ

ያላችሁን ብር ሦስት ቦታ መድቡት፤ የማይነካ፣ የመግዣ፣ የማስተካከያ።

የማይነካው መጀመሪያ ይወጣል። የሦስት ወር የቤት ወጪ፣ የክርስትናው ወጪ፣ እና እናትና ልጅ ሪፈር ቢጻፍላቸው ለመጓጓዣ፣ ለምርመራና ለማደሪያ የሚሆን ብር። ይህ ካልሞላ ግዢው ይቆይ።

የቀረው ለሞተር ከሆነ ቢያንስ ሩብ ያህሉን ለሄልሜት፣ ለዝናብ ልብስ፣ ለመድንና ለስም ዝውውር አስቀሩ። ለመኪና ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በላይ ለመግዣ አታውሉ። ግማሹ ለጥገና ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ከዚህ ባነሰ የጥገና ብር ተጀምረው ሥራቸው ያልቆመ መኪኖች ጥቂት ናቸው።

ዕቁብ ደርሷችሁ ከሆነ የሚቀሩት ዙሮች ዕዳ ናቸው። ከወር ወጪው ላይ ቀንሱ።

ነዳጁን አስሉ። 125 ሲሲ ሞተር በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ አውቶሞቢል 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ። በየቀኑ ሩቅ የምትመላለሱ ከሆነ ልዩነቱ ወር ላይ ይከብዳል። ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ የበለጠ ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን፣ ግቢውንና ጊዜያችሁን መርምሩ

*መንገዱ።* የቢቸናና የአካባቢው መረሬ አፈር ሲርስ ጎማ ይውጣል። አሮጌ አውቶሞቢል እዚያ አይሞከርም፤ ሞተርም ቢሆን ይንሸራተታል። የከተማ ኮብልስቶን ሲዘንብበት ለሞተር ከአስፋልት የባሰ ነው። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ክረምት ላይ ጉሙ ጠዋት ጠዋት እይታን ይጋርዳል። ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ፍሬኑ ያልታመነ መኪና ያንን መንገድ ፈጽሞ አይያዝ።

*ከፍታው።* ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። በየ100 ሜትሩ ሞተር 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 100 ሲሲ ሞተር ደጋ ላይ ዳገት ይከብደዋል። ባሕር ዳር የተስተካከለ ካርቡራተር ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል።

*ግቢው።* ጣሪያ ያለው ቦታ አላችሁ? የኪራይ ቤት ከሆነ አከራያችሁ ለሥራ የሚነቃቀል መኪና ይፈቅዳሉ? ከመግዛት በፊት ጠይቁ። ጣሪያ ከሌለ ዝናቡ ላሜራውን ይበላዋል።

*ጊዜው።* በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚሰጠው የክፍያ ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ እሱም ከአራስ ቤት ሥራ የተረፈው። በወር ሁለት ግማሽ ቀን ካላገኛችሁ ለመኪና ጊዜ የላችሁም።

*ፈቃዱ።* የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለብቻው ነው፤ የአውቶሞቢሉ አይሸፍነውም። የሞተር እንቅስቃሴ በሰዓት ወይም በቦታ ሊገደብ ስለሚችል የከተማችሁን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ወስኑ

ሞተር ግዙ፣ የሚከተሉት ሁሉ ከተሟሉ፦ ሥራችሁ ከከተማ ወጣ ያለ ነው (አስተማሪ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ጤና ባለሙያ)፤ የሚነዳው ወላጅ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ለልጁ ጉዞ ደግሞ የታወቀ ሌላ መንገድ አላችሁ። ሌላው መንገድ «ባጃጅ አይጠፋም» አይደለም። ስልኩን የምታውቁት፣ የክትባት ቀኖቹን አስቀድማችሁ የነገራችሁትና ሌሊት ሲደወልለት የሚያነሳ የባጃጅ ሹፌር ነው። ባይሆን መኪና ያለው ጎረቤት።

መኪና ግዙ፣ የልጁ ጉዞ ረጅም ከሆነ፣ ጣሪያ ካለ፣ የማስተካከያው ብር በእጃችሁ ካለ፣ የምታምኑት መካኒክ በከተማችሁ ካለ።

ሁለቱም ካልሞሉ አትግዙ። የመኪናውን ብር በባጃጅ ዋጋ ብታካፍሉት ስንት ጉዞ እንደሚወጣው ስታዩ ትገረማላችሁ። ልጁ ዓመት ሲሞላው እንደገና ተቀመጡ።

ሁለቱንም በአንድ ዓመት መግዛት የሚያስቡ አሉ። በዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይሆንም። አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ደረጃ 5፦ ሞተር ከመረጣችሁ

125 ወይም 150 ሲሲ ውሰዱ። ብራንዱን ስትመርጡ መለዋወጫው በከተማችሁ ሱቅ መኖሩን ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ቲቪኤስና ባጃጅ ቦክሰር ብዙ ቦታ ይገኝላቸዋል።

ያገለገለ ከሆነ ጠዋት ሄዳችሁ በብርድ አስነሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። የፊት ጎማውን አንሥታችሁ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ አዙሩ፤ የሚንቀራፈፍ ወይም የሚይዝ ነገር ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ሰንሰለቱን ከኋላ ጥርሱ ላይ ሳቡት፤ ከጥርሱ በግልጽ ከተነሣ ተለውጦ ነው የሚሸጠው ወይም ዋጋው ይቀነሳል።

ሄልሜት መንጋጋ የሚሸፍነውን ምረጡ። በጥናቶች ሄልሜት በአሽከርካሪ ላይ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ያልታሰረ ሄልሜት ግን በመጀመሪያው ግጭት ይወልቃል። ማሰሪያውን እሰሩና ከኋላ ወደ ላይ ግፉት። ከወጣ ይሰፋችኋል። ወድቆ የሚያውቅ ሄልሜት አትግዙ።

የፊት ፍሬን ተማሩ። ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ የኋላውን ብቻ ይረግጣል። ሞተርን አብልጦ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ ቀስ እያላችሁ መጫንን ተለማመዱ። ድንገት አትጨብጡት። በእርጥብ ኮብልስቶንና በጭቃ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን አስቀድማችሁ በማርሽ ቀንሱ።

ስለ እንቅልፍ። ይህ ለአዲስ ወላጅ ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው፤ ማንም ሰው አይነግራችሁም። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ስህተት ይሠራል። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ያንን ሰዓት በየሳምንቱ ያልፋል። መኪና ውስጥ ያንቀላፋ ሰው ዕድል ሊኖረው ይችላል። ሞተር ላይ የለውም። ስለዚህ ሌሊቱን ተራ ግቡ። በማግስቱ ሩቅ የሚነዳ ወላጅ ቢያንስ አምስት ሰዓት በተከታታይ ይተኛ። ካልተኛ በሚኒባስ ይሂድ። ቁልፉን የሚይዘው ሌላኛው ወላጅ ይሁን፤ ያልተኛ ሰው ስለ ራሱ ጥሩ አይፈርድም።

ከመሸ አትንዱ። ጋሪ መብራት የለውም፣ ከብት ከገበያ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን እናንተን አሽከርካሪውን አይሸፍንም፤ የምትጎዱትን ሌላ ሰው ነው። ልጅ ያለው ሰው የግል አደጋ መድን ይጨምርበት። ዋጋውን ሁለት ኩባንያ ጠይቁ።

ቢሳሳት፦ የክትባት ቀን ባጃጁ ካልመጣ ቀጠሮውን ለማግስቱ አዛውሩ። አንድ ቀን የዘገየ ክትባት ይሰጣል። ልጁ ከታመመ ግን የወረዳውን አምቡላንስ ወይም ጎረቤት ጥሩ። ሞተሩ ሐኪም ለመጥራት ወይም መኪና ለማምጣት ይሂድ እንጂ ልጁን አይጫን።

ደረጃ 6፦ መኪና ከመረጣችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ሻጭ ለአሮጌውም ደፍሮ ዋጋ ይጠራል። አትቸኩሉ።

ሞዴሉን በመለዋወጫ ምረጡ። ዲኤክስ ከሆነ ብዙው ዕቃ ይገኛል። በከተማችሁ የጠፋው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ማንም የማያውቀውን ሞዴል፣ ምንም ቢያምር፣ ለልጅ ዓመት አትውሰዱ።

መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ያመጣውን አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

1. ሥሩን። መኪናው ክሪክ ላይ ይነሣ፣ ድጋፍም ይደረግበት። ወለሉንና ሻንሲውን በጠንካራ ነገር ውጉት። ዝገቱ ከተበሳ እዚያው አቁሙ። ሞተር ይለወጣል፣ የበሰበሰ ሻንሲ ግን በዚህ ዓመት የእናንተ ሥራ አይደለም።

2. ላሜራውን። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሮቹና በፓራፋንጎው ላይ አንሸራትቱ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (ከቀለም ሥር የተለጠፈ መሙያ) ነው። ጥቂት ስቱኮ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ጎን ሙሉ ከሆነ መኪናው ተገልብጧል ወይም ተመቷል።

3. ፍሬኑን። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ ጫን ብላችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ የሚያፈስ ነገር አለ።

4. ሞተሩን በብርድ። የዘይት መክፈቻውን ክፈቱ። ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ዘይት ያቃጥላል። ሲሞቅም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ነው።

5. ጎማውን። ጎኑ ላይ 4 አሃዝ አለ። 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ደኅና ቢመስልም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ይለወጥ።

6. ቀበቶውን። የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አለ? በትከሻም በወገብም የሚያዝ ነው? ይህን አሁኑኑ ጻፉ፣ ደረጃ 9 ላይ ይወስናል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ

ሰው ብዙ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተርም ሆነ መኪና።

1. የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር አመሳክሩ። አንድ አሃዝ ከተለየ ተመለሱ። የተፋቀ ቁጥር ያለው ነገር አትንኩ።

2. ቦሎው የዘንድሮ ነው? ቆሞ ለከረመ መኪና ያለፉት ዓመታት ያልተከፈለ ነገር ሊኖር ይችላል። ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ። ቀረጥ ያልተከፈለበት እንዳይሆንም ጠይቁ።

3. ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም። ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ይህ ከጎደለ ሽያጩ በኋላ ሊፈርስ ይችላል።

4. በውክልና ብቻ አትግዙ። «ውክልና ልስጥህና ስሙ በኋላ ይዛወራል» የሚለውን አትቀበሉ። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። ከሞተም ውክልናው ያበቃል፤ እናንተ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቀመጣላችሁ።

5. ዋናውን ክፍያ ውሉ ሰነድ ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም በባንክ አድርጉ። ሰሌዳው የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉን የማዛወሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ አስገቡ።

ቢሳሳት፦ ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ እገዳ ቢገኝ አትደራደሩ። ቀብዱን አስመልሱ። ለዚህ ሲባል ቀብድ ሲሰጥም በጽሑፍና በምስክር ይሁን፣ «ዕዳና እገዳ ከተገኘ ይመለሳል» የሚል መስመር ይኑረው።

ደረጃ 8፦ የሥራው ቅደም ተከተል

ሕጉ አንድ ነው። መኪናው ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ መሆን አለበት። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ተፈትቶ የማይገጠም ነገር ራሳችሁ አትፍቱ፤ ጋራዥ ቀን ቆርጦ ይሥራው። የተፈታው ሳይገጠም ሌላ አይነካም።

በዚህ ተራ ሂዱ፦ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፣ ጭስ ማውጫ፣ መብራትና ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ራዲያተር፣ የወንበር ቀበቶ። ከዚያ በኋላ ነው ሞተር፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና ፍሪሲዮን። ቀለም ከሁሉ መጨረሻ። ብዙዎች የሚጀምሩት ከቀለም ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ልጁን የሚያድነው ግን ፍሬኑ ነው።

*ፍሬን።* የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ዘይቱ ከዓመታት ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች እዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ አይጠገንም፣ ይለወጣል። ሙከራው ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ይሁን። ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ (በዝቅተኛው) ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ።

*ጭስ ማውጫ።* ማርሚታው ወይም ቱቦው ከተበሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሕፃን ከአዋቂ ቀድሞ ይጎዳል። ነድታችሁ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ቁሙ፣ ይህ ሳይጠገን ልጁን አታስገቡ።

ስትፈቱ በስልክ ፎቶ አንሡ። ቡሎንና ዳዶውን በየክፍሉ በፌስታል አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። መኪና ሥር ስትገቡ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ። ቤት ውስጥ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

ቢሳሳት፦ መካኒኩ «ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም» ካላችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። ሌላ መካኒክ ያዳምጠው። ሁለቱም ከተስማሙ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ የእጅ ዋጋውንና ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። እጅ ዋጋውን አስቀድማችሁ ሙሉውን አትክፈሉ።

ደረጃ 9፦ የልጁ መቀመጫ

እቅፍ መቀመጫ አይደለም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲፈጠር የ5 ኪሎ ሕፃን ክንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ ይከብዳል። ማንም እናት አትይዘውም።

የሕፃን መቀመጫ ኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ይታሰራል። አብዛኛው የትከሻና የወገብ ቀበቶ ይፈልጋል። ካሰራችሁት በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ያገለገለ መቀመጫ ከሆነ አደጋ ያልደረሰበት መሆኑን ከምታውቁት ሰው ብቻ ውሰዱ።

ቀበቶ ከሌለ ይገጠም። ስስ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ቡሎን ማሰር አይበቃም፤ ሲሳብ ይቀደዳል። ሻንሲው ላይ ወይም በወፍራም ብረት ተደግፎ ይሠራ።

ደረጃ 10፦ ግቢውን ለልጅ አዘጋጁ

* ቤንዚን በሃይላንድ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ ይመስለዋል። የራዲያተር መከላከያ ፈሳሽም ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው። ሁለቱም ተቆልፎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ልጅ ቤንዚን ከጠጣ አታስመልሱት፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተትም አትስጡ። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

* የፍሬን ሸራ አቧራ፣ የአሮጌ ቀለም ብናኝና የባትሪ እርሳስ ልብስ ላይ ተጣብቀው ወደ ቤት ይገባሉ። የሥራ ልብሱ በር ላይ ይውለቅ፣ ለብቻው ይታጠብ። ሳትታጠቡ ልጁን አትቀፉ። አቧራውን በአየር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

* የሞተር ሳይክል ማርሚታ ድክ ድክ በሚል ልጅ ቁመት ልክ ነው። ሞተሩ ሲቆም ማርሚታው ወደ ግድግዳ ይዙር። ልጁ ከተቃጠለ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፤ የጥርስ ሳሙናና እንቁላል አትቀቡ።

ካልሄደላችሁ

ሲጀመር የማቆሚያ ቀን ጻፉ። እኔ ስድስት ወር እላለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ፍሬን፣ መሪ፣ ጭስ ማውጫና ቀበቶ ካላለቁ፣ ወይም የማስተካከያው ብር አልቆ ከማይነካው መበደር ከጀመራችሁ፣ መኪናውን ሽጡ። ሞተር ከገዛችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ልጁ ከተጫነበት፣ ዕቅዳችሁ አልሠራም ማለት ነው፤ የባጃጁን ነገር አስተካክሉ፣ ካልተስተካከለ ሞተሩን ሽጡ።

የሚሸጠውን መኪና አትበትኑት። የተፈታው ሁሉ በየፌስታሉ፣ የተገዛው ዕቃ ከነደረሰኙ አብሮ ይሰጥ። የተሠራውንና ያልተሠራውን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለገዢው አሳዩ፤ በተለይ ፍሬኑ ያላለቀ ከሆነ በግልጽ ንገሩት፣ በተጎታች ይውሰደው። ስሙ ሳይዛወርም ቁልፉን አትስጡ። በስማችሁ በተመዘገበ መኪና የሚደርስ አደጋ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።